የደመወዝ ወረቀቴን ለማንበብ የትኞቹን የስፓኒሽ ቃላት ልማር?

ጥያቄ፦ «ማድሪድ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በአንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ተቀጥሬያለሁ። በስልኬ መተግበሪያ ‹ገንዘብና ገቢ› የሚለውን ክፍል ጨርሼ ብዙ ቃላት በቃሌ ይዣለሁ። ሆኖም ውሌ ላይ ‹16.576 ኤውሮስ ብሩቶስ አኑዋሌስ ኤን ካቶርሴ ፓጋስ› የሚል ሳነብ ግራ ገባኝ። የወሩን የክፍያ ወረቀት ስቀበል ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው አልገጥም አሉኝ። ትናንት ደግሞ ኃላፊዬ ‹ቴ ኢንግሬሶ ኤል ቢዬርኔስ› አለችኝ፤ እኔ ‹ኢንግሬሶ›ን የማውቀው ሆስፒታል ከመተኛት ጋር ነው። የትኞቹን ቃላት፣ በምን ቅደም ተከተል ልማር? መተግበሪያውንስ ልተወው?»

ምላሽ፦ ከኃላፊዎ ዓረፍተ ነገር ልጀምር። «ዓርብ ገንዘቡን ባንክ አስገባልሻለሁ» ማለቷ ነው። ሆስፒታሉም ቢሆን ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ግሡ «ኢንግሬሳር» ሲሆን መሠረቱ ማስገባት ነው፤ ገንዘብ ወደ ባንክ፣ ሕመምተኛም ወደ ሆስፒታል የሚገባው በዚሁ ግሥ ነው። ስሙ በብዙ ቁጥር «ኢንግሬሶስ» ሲባል ደግሞ ወደ አንድ ሰው ወይም ድርጅት የሚገባውን ገንዘብ ሁሉ ይጠራል። መተግበሪያዎ «ኢንግሬሶስ ማለት ገቢ» ብሎ ያስተማረዎ ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ ማቆሙ ነው ያስቸገረዎ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። እኛም «የወር ገቢዬ» እንላለን፤ ባንክ ሄደን ያስቀመጥነውን «ገቢ አደረግሁ» እንላለን፤ ግብር ስንከፍልም «ለመንግሥት ገቢ አደረግሁ» እንላለን። ሦስቱም ስፓኒሽ ውስጥ በዚሁ አንድ ቃል ይነገራሉ። ሦስተኛው ነው ብዙ ሰው የሚጥለው። በዓመቱ የገቢ ግብር መግለጫ መጨረሻ ላይ «አ ኢንግሬሳር» የሚል ካዩ ለመንግሥት ገቢ የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት፣ ማለትም ዕዳ አለብዎት። «አ ዴቦልቤር» የሚል ከሆነ ግን የሚመለስልዎ ገንዘብ አለ። የሠራተኞችን የደመወዝና የግብር ወረቀት በሚያዘጋጅ ቢሮ፣ እዚህ «ጌስቶሪያ» በሚሉት፣ ለዓመታት ስሠራ በየጸደዩ «አ ኢንግሬሳር» የሚለውን አይተው ፈገግ ብለው የሚገቡ ሰዎች አይጠፉም ነበር።

ስለዚህ የቅደም ተከተል ጥያቄዎን የምመልሰው እንዲህ ነው፦ አዲስ ቃል ከመጨመርዎ በፊት የሚያውቋቸውን ቃላት አቅጣጫ ይወቁ። ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩስ? አንድን የገንዘብ ግሥ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመልሱ በደብተርዎ አይጻፉ።

ከሁሉ በፊት «ኮብራር»ን ይያዙ። በስፔን የሥራ ሕይወት ውስጥ ከ«ዲኔሮ»፣ ማለትም ከገንዘብ፣ ይልቅ የሚሰሙት ይህንን ነው። «ኮብራር» ለእርስዎ የሚገባዎትን ገንዘብ መቀበል ነው፤ ከሌላ ሰው ላይ ዋጋ ማስከፈልም ነው። ለአንድ የቧንቧ ሠራተኛ «ኩዋንቶ ኮብራ?» ቢሉት ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቁት፤ ለሥራ ባልደረባዎ «ኩዋንቶ ኮብራስ?» ቢሏት ግን ደመወዟን ጠየቋት። ቡና ቤት ውስጥ «ሜ ኮብራስ?» ማለት «ሂሳብ ይቀበሉኝ» ማለት ነው። ብዙ የአገራችን ሰዎች ደመወዝ መቀበልን «ሬሲቢር» በሚለው ግሥ ይናገሩታል። ሰሚው ይረዳዎታል፤ ነገር ግን ደብዳቤ ወይም ዕቃ የደረሰዎ ያስመስለዋል። «ያ ኤ ኮብራዶ» ካሉ «ደመወዜን ተቀብያለሁ» ማለትዎ ነው፤ «ቶዳቢያ ኖ ኤ ኮብራዶ» ካሉም «ገና አልተከፈለኝም»። ይህን ሁለተኛውን ዛሬውኑ በቃልዎ ይያዙት። «ኖ ሜ አን ፓጋዶ» ቢሉም ትርጉሙ ያው ነው፤ ግን «አልከፈላችሁኝም» ብሎ ጣት መቀሰር ስለሆነ ለመጀመሪያው ቀን አይመረጥም። ለሁለተኛው ሳምንት ያስቀምጡት።

«ጋናር» ማግኘት ነው፤ ጠንክሮ ሠርቶ ማግኘትም፣ ሎተሪ ወጥቶለት ማግኘትም፣ ኳስ ማሸነፍም። «ጋና ሚል ኪኒዬንቶስ» ሲባል «1,500 ያገኛል» ነው። በእጅ የሚገባው ይሁን ከተቀናሽ በፊት ያለው ግን ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ብድር ላይ አማርኛ ይበልጣል። እኛ ከአንዱ ሥር አበደረ እና ተበደረ ብለን ሁለቱንም አቅጣጫ እንለያለን። ስፓኒሽ ማበደርን «ፕሬስታር» ይልና መበደርን «ፔዲር ፕሬስታዶ»፣ እንደ ቃሉ «የተበደረ መለመን» ይለዋል። ስፔኖች በንግግር ላይ ደግሞ «ዴሃሜ ዲዬስ ኤውሮስ» ይላሉ። «ዴሃር» መተው ስለሆነ ቃል በቃል «አሥር ዩሮ ተዪልኝ» ይመስላል፤ ሰውየው ግን የጠየቀዎ ብድር ነው፤ እርስዎም ሲጠይቁ መመለስዎ ይጠበቃል። «ዴቤር» ዕዳ መኖር ነው። «ኩዋንቶ ሌ ዴቦ?» የሚለውን በየሱቁ ይሰሙታል፤ ስንት ዕዳ አለብኝ ብሎ ዋጋን መጠየቅ ነው፣ ጨዋነትም አለው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። የወሩ የክፍያ ወረቀት ስሙ «ኖሚና» ነው። ቃሉ ከወረቀትነት አልፎ ክብርም ሆኗል። ቤት አከራይ «ቲዬኔስ ኖሚና?» ሲልዎ ወረቀቱን ሳይሆን በሕጋዊ ውል ተቀጥረው ወር ቆጥረው ደመወዝ የሚያገኙ መሆንዎን እየጠየቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ወረቀት ያስመጣዎታል። እያንዳንዱን ያስቀምጡ።

በራስጌው ላይ «አንቲግዌዳድ» የሚል ቀን አለ። መተግበሪያው ጥንታዊነት ብሎ አስተምሮዎት ከሆነ አይደንግጡ፤ ሥራ የጀመሩበት ቀን ነው፣ የአገልግሎት ዘመን የሚቆጠርበት። ቀኑ ከእውነተኛው ቀን ዘግይቶ ከተጻፈ ግን በዝምታ አይለፉት፤ ከሥራ ሲሰናበቱ የሚሰላልዎ ካሳ ከእሱ ይነሣል። ከዚያ በታች «ዴቤንጎስ» የሚለው ክፍል ይመጣል፤ በወሩ የሠሩበትና ሊከፈልዎ የሚገባው ሁሉ የሚዘረዘርበት ነው። «ሳላሪዮ ባሴ» መነሻ ደመወዝ፣ «ኮምፕሌሜንቶስ» ለሌሊት ሥራ ወይም ለአገልግሎት ዘመን የሚጨመር፣ «ኦራስ ኤክስትራኦርዲናሪያስ» የትርፍ ሰዓት ክፍያ። የእነዚህ ድምር «ቶታል ዴቤንጋዶ» ይባላል። ቀጥሎ «ዴዱክሲዮኔስ»፣ ተቀናሾች ይመጣሉ። ቀደም ብለው ከደመወዝዎ ላይ ወስደው ከሆነ «አንቲሲፖ» የሚል መስመርም እዚህ ያገኛሉ። መጨረሻ ላይ «ሊኪዶ አ ፔርሲቢር»፣ እኛ የተጣራ የምንለው፣ ዓርብ ባንክዎ የሚገባው ቁጥር አለ።

ቁጥሮቹ አልገጥም ያሉዎት የት ላይ እንደሆነ ስለምገምት እንሥራው። ውልዎ ላይ ያለው ሐረግ «በዓመት 16,576 ዩሮ ከተቀናሽ በፊት፣ በ14 ክፍያ» ማለት ነው። ይህ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2025 የስፔን ዝቅተኛ ደመወዝ ነበር፤ በ14 ክፍያ ሲካፈል 1,184 ዩሮ። ከዚህ ላይ የሠራተኛው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ «ኮቲሳሲዮን»፣ ይቀነሳል። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው በዚያ ዓመት 4.70 በመቶ ለጋራ ጉዳዮች፣ ማለትም ለጡረታና ለሕመም፣ 1.55 በመቶ ለሥራ አጥነት፣ 0.10 በመቶ ለሙያ ሥልጠና፣ 0.13 በመቶ ደግሞ ለጡረታ መጠባበቂያ ያዋጣል። ድምሩ 6.48 በመቶ ነው። ካልኩሌተር ይዘው የ1,184ን 6.48 በመቶ ሲያወጡ 76.72 ያገኛሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የተቀነሰው 89.51 ነው። «ተበልቼአለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አልተበሉም። ከወረቀቱ ግርጌ «ባሴ ዴ ኮቲሳሲዮን» የሚል ቃል ይፈልጉ፤ መዋጮው የሚሰላበት መነሻ ማለት ነው። ይህ መነሻ በዓመት ከ12ቱ የወር ደመወዝ ውጭ የሚመጡትን ሁለት ተጨማሪ ክፍያዎች በ12 ወር ከፋፍሎ ስለሚጨምር 1,381.33 ነው። የእሱ 6.48 በመቶ 89.51 ይሆናል። ከ1,184 ሲቀነስ 1,094.49 ይቀራል፤ የገቢ ግብሩ እንደ ቤተሰብ ሁኔታ ስለሚለያይ ለጊዜው ትቼዋለሁ። ተጨማሪው ክፍያ ሲመጣ ግን መዋጮው አስቀድሞ በየወሩ ስለተወሰደ ከእሱ ላይ ለማኅበራዊ ዋስትና የሚቀነስ የለም፤ 1,184ቱ ከመዋጮ ነጻ ነው።

የ2025ን ቁጥር የወሰድኩት ውልዎ እሱን ስለሚጠቅስ ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከፍ ሲል የእርስዎም ኖሚና መከተል አለበት። በተጨማሪ «ኮንቤኒዮ» የሚለውን ቃል ይወቁ፤ በአንድ የሥራ ዘርፍ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የተስማሙበት የጋራ ስምምነት ነው። ውልዎ ውስጥ ስሙ ተጽፏል። የዘርፉ ስምምነት ከዝቅተኛው በላይ ደንግጎ ከሆነ የሚገዛዎ እሱ ነው።

ስለ «ፓጋ» ደግሞ። «ፓጋ» አንድ ዙር ክፍያ ነው፤ አሥራ አራቱ አሥራ ሁለቱ ወር ሲደመር ሁለት «ፓጋስ ኤክስትራስ» ናቸው። ዓመቱ 14 ወር እንዳልሆነ ስፔኖችም ያውቃሉ። የገናው ተጨማሪ ክፍያ በአምባገነኑ በፍራንኮ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1944 የመጣ ሲሆን የበጋው በ1947 ተከተለ፤ እሱም የእርስ በርስ ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሐምሌ (ጁላይ) 18 ጋር ተያይዞ ነበር። አገዛዙ ከሄደ በኋላ የቀኑ ስም ተረሳ፣ ገንዘቡ ቀረ። ዛሬ የሠራተኞች ሕግ አንቀጽ 31 ሠራተኛ በዓመት ሁለት ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኝ፣ አንዱም በገና እንዲሆን ይደነግጋል። ስምምነቱ ከፈቀደ አሠሪው ሁለቱን በ12 ወር ሊያከፋፍላቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ «ፓጋስ ኤክስትራስ ፕሮራቴያዳስ» ይላል። በእርስዎ ቁጥር ይህ በየወሩ 1,381.33፣ ከመዋጮ በኋላ 1,291.82 ይሆናል። በዓመት መጨረሻ ድምሩ ያው ነው፤ ኪስ የሚሰማው ግን ያው አይደለም። እኔ ልጅ ላላት እናት ያልተከፋፈለውን እመርጣለሁ፤ የቤት ኪራይ አንቆ ለያዘው ሰው ደግሞ የተከፋፈለውን።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይጠቅማል። አንድ አሠሪ ቁጥር ከጠራ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ብሩቶስ ኦ ኔቶስ?» እና «ኤን ዶሴ ኦ ኤን ካቶርሴ?» «ብሩቶ» ከተቀናሽ በፊት፣ «ኔቶ» ከተቀናሽ በኋላ ነው። በ12 የተከፈለ 1,300 እና በ14 የተከፈለ 1,200 ቢቀርብልዎ ትልቁ የሚመስለው ትንሹ ነው፤ የመጀመሪያው በዓመት 15,600፣ ሁለተኛው 16,800 ይሆናል። መጠየቁ አያሳፍርም፤ ስፔኖችም ይጠይቃሉ።

በአፍ የሚነገረው ቋንቋ ግን ብሩቶና ኔቶ አይልም። «ሚል ዶሲዬንቶስ ሊምፒዮስ» ቢልዎ «1,200 ንጹሕ» ማለቱ ነው፣ የተጣራ። «ኤን ማኖ» ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልገዋል። አንዳንዱ «እጅህ ላይ የሚደርሰው» ለማለት፣ ሌላው «ጥሬ ገንዘብ በእጅህ» ለማለት ይጠቀምበታል። ሁለተኛው ከሆነ ብዙ ጊዜ «ኤን ኔግሮ» ወይም «ኤን ቤ» የሚባለው ነገር ተከትሎት ይመጣል፤ በወረቀት የማይታይ ክፍያ ነው። ግማሹ በኖሚና፣ ግማሹ በፖስታ ሲሰጥዎ ዛሬ ያው ነው የሚመስለው። ሥራ አጥነት፣ ሕመም፣ ጡረታ ሲመጣ የሚቆጠረው በኖሚናው ላይ ያለው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት አጫጭር ቃላት ላክል፤ ሰውን እንደ እነሱ የሚያደናግር አላየሁም። «አልታ» እና «ባሃ»። አሠሪው «ዳር ዴ አልታ» ካደረገዎ በማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ ገብተዋል፤ ሥራዎ ሕጋዊ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ሐኪም ግን «አልታ» ከሰጠዎ ድነዋልና ከሆስፒታል ይወጣሉ፣ ወይም ወደ ሥራ ይመለሳሉ። «ኤስታር ዴ ባሃ» በሐኪም ወረቀት ታሞ ከሥራ መቅረት ነው፤ «ዳር ዴ ባሃ» ግን ከመዝገብ መሰረዝ። ሁለቱ ቃላት ከተቋም ወደ ተቋም ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሰሙ በኋላ «የማን አልታ? የሐኪም ወይስ የዋስትና?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይበቃል።

ሥራ ሲያልቅ ደግሞ «ፊኒኪቶ» የሚባል ወረቀት ይቀርብልዎታል። የመጨረሻ ሂሳብ ነው፦ ያልተከፈሉ ቀናት፣ ያልወጡበት የዓመት ዕረፍት፣ የተጠራቀመው የተጨማሪ ክፍያ ድርሻ። በራስ ፈቃድ ቢለቁም ይገባዎታል። «ኢንዴምኒሳሲዮን» ከዚህ የተለየ ነው፤ ከሥራ ለመሰናበት የሚከፈል ካሳ ነው። ጊዜያዊ ውል ሲያበቃ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የ12 ቀን ደመወዝ፣ በድርጅቱ ችግር ሲሰናበቱ የ20 ቀን፣ ፍርድ ቤት ስንብቱ ያለአግባብ ነው ሲል የ33 ቀን። የአገራችን ሰዎች ሁለቱንም «ፊኒኪቶ» ብለው ስለሚጠሯቸው ካሳው ሳይከፈላቸው ሲቀር አያውቁም። ወረቀቱ ግርጌ «ሬሲቢ» የሚል ቃል አለ፤ «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። በሂሳቡ ካልተስማሙ ከፊርማዎ አጠገብ ቀኑንና «ኖ ኮንፎርሜ»፣ አልስማማም የሚለውን በእጅዎ ይጻፉ። በፊርማው ጊዜ የሠራተኞች ተወካይ እንዲገኝልዎ መጠየቅም ሕጉ ይፈቅድልዎታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ፓሮ» ነው፤ ቃሉ ሥራ አጥነትንም ለሥራ አጥ የሚከፈለውንም ገንዘብ ይጠራል። «ኮብራር ኤል ፓሮ» ለማለት ባለፉት ስድስት ዓመታት ቢያንስ 360 ቀን መዋጮ ሊኖርዎ ይገባል። «ኮብራር» እንደገና መጣ፤ አይለቅዎትም።

ግብርን በአጭሩ ልለፍ። «አሲዬንዳ» የግብር መሥሪያ ቤቱ በሕዝብ አፍ የሚጠራበት ስም ነው። «አሴር ላ ሬንታ» ዓመታዊ የገቢ መግለጫውን መሙላት ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ይካሄዳል። መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ሞልቶ የሚያቀርበው ረቂቅ «ቦራዶር» ይባላል፤ ሳያነቡ አያጽድቁት። ከአንድ አሠሪ ብቻ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ዓመታዊ ገቢው ከ22,000 ዩሮ ካልበለጠ በአብዛኛው የመሙላት ግዴታ የለበትም። ሁለት «ፓጋዶሬስ»፣ ሁለት ከፋዮች ከነበሩዎት ግን ወሰኑ በብዙ ይወርዳል፤ ለ2024 ገቢ፣ ከሁለተኛው ከፋይ የተገኘው ከ1,500 ዩሮ ካለፈ፣ 15,876 ነበር። ሥራ የቀየሩ ሰዎች የሚያዙት በዚህ ነው።

ስለ ዘዬ ልዩነት አንድ ነገር። ስፔን ውስጥ ገንዘብ በወዳጅ ንግግር «ፓስታ» ነው፤ አረጋውያን «ፔላስ» ሲሉ ከሰሙ የቀድሞዋን ፔሴታ እያስታወሱ ነው፤ «ኖ ቴንጎ ኡን ዱሮ» የሚለው ደግሞ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ነው፣ ዱሮ የአምስት ፔሴታ ሳንቲም ነበርና። ማድሪድ ውስጥ ግን ከኮሎምቢያ፣ ከፔሩ፣ ከሆንዱራስ የመጡ ባልደረቦች ስለሚኖሩዎ «ፕላታ»ንም ይሰማሉ፤ በብዙው የላቲን አሜሪካ ክፍል ገንዘብ ማለት ነው። ሜክሲኮዎች «ላና»፣ አርጀንቲናውያን «ጊታ» ይላሉ። የሆንዱራስና የኤል ሳልቫዶር ሰዎች «ፒስቶ» ይሉታል፤ በስፔን «ፒስቶ» ከቲማቲም፣ ከዙኪኒና ከቃሪያ የሚሠራ የላ ማንቻ ወጥ ስለሆነ «ፒስቶ የለኝም» ያለ ሰው ምሳ ሊጋበዝ ይችላል። ዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ካለዎ ይህን ቃል ይንገሩት፤ በዚያ ከሳልቫዶሮች ጋር አብሮ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አይጠፋም። «ሬንታ» ሜክሲኮ ውስጥ የቤት ኪራይ ነው፤ ስፔን ውስጥ ኪራይ «አልኪሌር» ይባላል፣ ሬንታ ለግብሩ ተይዟል። «አጊናልዶ»ም ሜክሲኮ ውስጥ አሠሪ በሕግ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 20 የሚከፍለው፣ ቢያንስ የ15 ቀን ደመወዝ የሚሆን የዓመት መጨረሻ ክፍያ ነው፤ ስፔን ውስጥ ግን የበዓል ጉርሻ።

አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልጉዎ ቃላት ጥቂት ናቸው። ጋዜጦች «ሬሜሳስ» ይላሉ፤ እርስዎ ግን መስኮቱ ላይ ቆመው «ኪዬሮ ኤንቢያር ዲኔሮ አ ኤቲዮፒያ» ቢሉ ይበቃል። «ኮሚሲዮን» ስንት እንደሆነ ብቻ አይጠይቁ፤ «ቲፖ ዴ ካምቢዮ»ውን፣ ምንዛሬውንም ይጠይቁ። «ያለ ኮሚሽን» የሚል ማስታወቂያ ትርፉን የሚደብቀው እዚያ ነው። እዚሁ አገር ውስጥ በስልክ ቁጥር የሚላከው ገንዘብ «ቢሱም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የጀመረው፤ ቴሌብር ለለመደ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። «አስሜ ኡን ቢሱም» ሲሉዎ ድርሻዎን ይላኩ ማለት ነው።

መተግበሪያውን አይተዉት፤ ሥራውን ግን ይቀይሩለት። ለቃላት ኖሚናዎን ይጠቀሙ፤ በየወሩ አንድ ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ከራስጌ እስከ ግርጌ ያንብቡት፣ ከእያንዳንዱ መስመር አንድ ግሥ መርጠው ስለ ራስዎ ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት። መተግበሪያውን ለቁጥር ያስቀሩት። ደመወዝ ላይ የሚደረገው ስህተት አብዛኛው የጆሮ ነው። «ዶስ» ሁለት፣ «ዶሴ» አሥራ ሁለት፤ «ሴሴንታ» ስድሳ፣ «ሴቴንታ» ሰባ፤ «ሴይስሲዬንቶስ» ስድስት መቶ፣ «ሴቴሲዬንቶስ» ሰባት መቶ። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲናገራቸው ልዩነታቸው አንዲት ድምፅ ናት። አንድ ሰው ቁጥር ሲነግርዎ ደግመው ይናገሩለት፣ ካልተማመኑም «ሴይስ ሴሮ ሴሮ?» እያሉ አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ሲጽፉ ደግሞ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ቦታ እንደሚለዋወጡ ይወቁ፤ እኛ 1,184.50 የምንለውን እነሱ 1.184,50 ብለው ይጽፋሉ። ውልዎ ላይ «16.576» የሚለው አሥራ ስድስት ሺህ ነው እንጂ አሥራ ስድስት ዩሮ ከሳንቲም አይደለም። ከዜና ላይ ሲለማመዱ ደግሞ «ቢዮን»ን ይጠንቀቁ፤ የእኛ አንድ ቢሊዮን በስፓኒሽ «ሚል ሚዮኔስ» ነው፤ «ኡን ቢዮን» የሚባለው አንድ ትሪሊዮን ነው።